ስሙ አራት ቦታ የተበተነው አመልካች

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ቢሮ ነው። ወሩ ጃንዋሪ፤ የ8ኛ ክፍል አመልካቾች የመግቢያ ፈተና ውጤት ገብቶ ከየማመልከቻው ጋር እየተገናኘ ነበር። እዚህ ሥራ ላይ በየዓመቱ የማይቀር አንድ ዝርዝር አለ፤ ውጤት ያላቸው፣ ማመልከቻ ግን የሌላቸው ልጆች። አብዛኞቹ ተፈትነው ሐሳባቸውን የቀየሩ ስለሆኑ ማንም ብዙ አይጨነቅባቸውም። በዚያ ዓመት ግን ከመካከላቸው አንዱ በሒሳብ በጣም ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ነበርና ዝም ብሎ የሚታለፍ አልሆነም። ስሙን ናሆም ግርማ እንበለው።

በሌላ በኩል "ያልተሟላ" ከተባሉት ፋይሎች መካከል ናሆም ታደሰ የሚባል አመልካች ተቀምጧል። ማመልከቻው በጊዜው ገብቷል፣ ክፍያው ተከፍሏል። የፈተና ውጤት የለውም፣ የመምህራን የድጋፍ ቅጽ የለውም፣ የትምህርት ማስረጃ የለውም። ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኛቸው የአባትየው ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ይህን ያስተዋለችው እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ወዲያው ደወለች።

"ጋሽ ግርማ፣ ናሆም ትምህርት ቤት የሚጠራው በማን ስም ነው?"

"በእኔ ነዋ! በማን ስም ሊጠራ ኖሯል?"

"ማመልከቻው ላይ ግን ታደሰ ይላል።"

"ታደሰ አባቴ ናቸው። ግሪን ካርዱ ላይ እንደዚያ ብሎ ነው የወጣው፤ እኔ ምን ላድርግ?"

እውነታቸውን ነው። ፓስፖርቱ የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ካስቀመጠ ቪዛውም ግሪን ካርዱም ያንኑ ይከተላሉ። ልጁ እንደመጣ መንግሥት ትምህርት ቤት የወሰደው አጎቱ ደግሞ የአባት ስም ሲጠየቅ ግርማ ብሎ ሞላ፤ ትክክል ነዋ። ከዚያ በኋላ የሪፖርት ካርዱ፣ የመምህራኑ ኢሜይል፣ ሁሉም ነገር ናሆም ግርማ ሆነ። በፈተናው ቀንም ልጁ መልስ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያጠቆረው በየቀኑ የሚጠራበትን ስም ነው። ማንም አልተሳሳተም፤ ፋይሉ ግን ተበተነ።

ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት ፋይሉ እንዴት እንደሚሞላ ማወቅ ያስፈልጋል። ወላጅ በራሱ እጅ የሚያስገባው ማመልከቻውን፣ ክፍያውንና የጥምቀት ወረቀቱን ነው። የቀረው በሌላ ሰው በኩል ይመጣል። የ7ኛ ክፍልና የ8ኛ ክፍል መጀመሪያ ውጤት ከመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት፣ የድጋፍ ቅጾቹ በአብዛኛው ከ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛና የሒሳብ መምህራን፣ የፈተናው ውጤት ከፈተና ድርጅቱ፣ የቁምስናው፣ ማለትም የካቶሊክ አጥቢያው፣ ማረጋገጫ ከካህኑ ይላካል። ላኪዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። እነዚህን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ የሚሰበስባቸው ስምና የትውልድ ቀን ብቻ ነው። የምርጫ ኮሚቴው ደግሞ በመጀመሪያው ዙር የሚያነበው የተሟላውን ፋይል ነው። ያልተሟላው ወደ ኋላ ይገፋል፤ "ይህ ይጎድላል" የሚለው ኢሜይል በራሱ ይላካል፤ ማመልከቻው ላይ የተሞላው ኢሜይል የታላቅ እህት ከሆነና እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከራቀች ግን ማንም አያየውም።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ስም ይመረጥ። የሚመረጠውም በሕጋዊ ሰነዱ ላይ ያለው ነው፤ ግሪን ካርድ፣ ፓስፖርት ወይም እዚህ የተወለደ ከሆነ የልደት ሰርተፊኬቱ። ከዚያ ያ ስም ፊደል በፊደል በሁሉም ቦታ ይገባል። ታደሰ በአንዱ ሰነድ በአንድ ኤስ፣ በሌላው በሁለት ኤስ ከተጻፈ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ቤተሰብ ነው። ልጁ ያለበት ትምህርት ቤት ሌላ ስም የያዘ ከሆነ ሰነዱን ይዞ ሄዶ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይወስዳልና በ7ኛ ክፍል መጨረሻ ቢጀመር ይሻላል። ካልተደረሰ በማመልከቻው ላይ "ሌላ የሚጠራበት ስም" በሚለው ቦታ መሙላት፣ እንዲሁም ሦስት መስመር ያላት ማብራሪያ ማያያዝ ይበቃል፤ ልጁ በሰነድ እንዲህ ይባላል፣ በትምህርት ቤቱ እንዲህ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ልጅ ነው። ለፈተና ሲመዘገብም ሆነ ወረቀቱን ሲያጠቁር የትኛውን እንደሚጽፍ ለልጁ አስቀድሞ ይነገረው። የ13 ዓመት ልጅ ካልነገሩት የለመደውን ነው የሚጽፈው።

የናሆም ነገር በሁለት ስም ቢያበቃ ቀላል ነበር። የጥምቀት ወረቀቱ ሦስተኛ መዝገብ አስከፍቶ ተገኘ። ወረቀቱ ላይ በጉልህ የተጻፈው የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው፤ የትውልድ ቀኑ ደግሞ 05/05/2004 ይላል። ወረቀቱን ያስገባው ሠራተኛ ሜይ 5 ቀን 2004 ብሎ አነበበው፤ ሥርዓቱም ዕድሜው ከ20 ያለፈ፣ 8ኛ ክፍል የሆነ ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው መዘገበ። ወረቀቱ ያለው ግን ጥር 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ ጥር በእኛ አቆጣጠር አምስተኛው ወር ነዋ።

እዚህ ላይ አንድ ቀን የምታሳስት ወጥመድም አለች። ጥር 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃንዋሪ 13 ቀን 2011 ሲሆን፣ ጥር 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 2012 ነው። የ2003 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች የ2004 አዲስ ዓመት የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ልዩነቷ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ትቀጥላለች። በጭንቅላቱ የሚያሰላ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በአንድ ቀን ይስታል። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል። ወላጅ ራሱ ከማስላት ይልቅ ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ቢወስድ ይሻላል፤ ቀኑ በስሌት ቢስት እንኳ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ይበልጣል። የጥምቀት ወረቀቱ ከትርጉሙ ጋር ሲላክ የወሩ ስም በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይጻፍ፤ የሚጠራበት ስምም ከክርስትና ስሙ ጎን ይግባ።

የኦርቶዶክስ ወላጆችን ግራ የሚያጋባ ሌላም ጥያቄ ቅጹ ላይ አለ። የጥምቀት ቀን፣ የመጀመሪያ ቁርባን ቀንና የሜሮን ቀን ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ በላቲኑ (በሮማ ካቶሊክ) ሥርዓት ሦስቱ በተለያየ ዕድሜ የሚፈጸሙ ስለሆኑ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ግን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ሜሮኑንም ቁርባኑንም አብረው ይቀበላሉ። ባዶ ከመተው ሦስቱም ቦታ ላይ ያንኑ ቀን መጻፍ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስን ጥምቀት ስለምትቀበል ልጁ እንደገና ይጠመቅ የሚል አይመጣም። ካቶሊክ አለመሆንም ለመግባት እንቅፋት አይደለም፤ የሃይማኖት ትምህርቱና የትምህርት ቤቱ ቅዳሴ ግን ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ነው፤ ይህንን ልጁ ቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በቁምስና ለተመዘገቡ ካቶሊኮች የክፍያ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ለዚያ የካህኑ ፊርማ ይፈለጋል፤ ካህኑም የማያውቀውን ቤተሰብ በዲሴምበር መጥቶ ፈርምልኝ ቢለው አይፈርምም።

ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ የሪፖርት ካርድ ጉዳይም እንዲሁ ሳይታሰብ ይጎዳል። አገር ቤት 78 አማካይ ይዞ ከክፍሉ 4ኛ የወጣ ልጅ አለ፤ እዚህ ግን 78 ሲነበብ መካከለኛ ተማሪ ነው። ወላጅ ውጤቱን ወደ ኤ እና ቢ ለውጦ ሲያስተረጉም ደግሞ ሰነዱ የሚታመን አይሆንም። ካርዱ እንዳለ ይተርጎም፣ ደረጃውና የክፍሉ ተማሪ ብዛት የተጻፈበት መስመር አይቅር። ኮሚቴው ልጁን የሚመዝነው በዚያች መስመር ነው።

ፈተናው ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በዋሽንግተን አካባቢና በብዙ ሌሎች ሀገረ ስብከቶች የሚሰጠው ኤች ኤስ ፒ ቲ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ነው፤ በኒው ዮርክና በብሩክሊን ሌላ ፈተና አለ። ኤች ኤስ ፒ ቲ አምስት ክፍልና 298 ጥያቄ አለው፤ የመጀመሪያው የቃላት ክፍል 60 ጥያቄ በ16 ደቂቃ ነው፤ ልጆች የሚደነግጡትም እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ 64 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ያለ ካልኩሌተር ይሠራል። በስህተት መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። ልጁ አይ ኢ ፒ ወይም 504 የሚባለው፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ የሚዘጋጅ ዕቅድ ካለው ተጨማሪ ሰዓት ሊፈቀድለት ይችላል፤ ሰነዱ ግን ከፈተናው ሳምንታት ቀድሞ መግባት አለበት። ወላጆች "ካወቁ አይቀበሉትም" ብለው ሲደብቁት ልጁ ሰዓት ያልቅበታል፤ ይህ ፍርሃት በእኔ አስተያየት ከሚከላከለው ይልቅ የሚያስከፍለው ይበዛል።

የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰነድ ለመላክ ብዙ ጊዜ የወላጅ ፊርማ ያለበት የፈቃድ ቅጽ ይጠይቃሉ። ማመልከቻው ኦንላይን ቢሞላም ያ ቅጽ ለብቻው ለመዝገብ ቤቱ መሰጠት አለበት። ከካቶሊክ አንደኛ ደረጃ የሚመጡ ልጆች ትምህርት ቤቱ ሥራውን ስለለመደው አይቸገሩም፤ ከመንግሥት የሚመጣው ልጅ ወላጅ ግን ራሱ ሄዶ መከታተል አለበት፤ ከምስጋና ቀን በፊት ካልጨረሰ የገና እረፍት ይይዘዋል። የመምህራኑ ኢሜይልም የትምህርት ቤቱ አድራሻ ይሁን፤ የድጋፍ ቅጹ ሊንክ ብዙ ጊዜ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ስለሚገባ ልጁ መምህሩን በቃል ይጠይቀው። ቅጹ ምስጢራዊ ነው፤ መምህሩ በቀጥታ ይልከዋል፤ ወላጅ ይዞት ከመጣ ዋጋ የለውም።

የናሆም ሦስት መዝገቦች በዚያው ሳምንት ተዋሐዱ፤ ኮሚቴውም አነበበው፤ ተቀባይነትም አገኘ። የጎዳው ሌላ ቦታ ነው። የገንዘብ ድጋፉ ማመልከቻ የሚገባው ፋክትስ በሚባለው ሥርዓት ከመግቢያው ማመልከቻ ተለይቶ ነው፤ የራሱ ክፍያና የራሱ የመጨረሻ ቀን አለው። ይህም ቀን ብዙ ጊዜ የመቀበያ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ያልፋል። "መጀመሪያ ይቀበሉት፣ ገንዘቡን ከዚያ እንጠይቃለን" ያለ ወላጅ ዘግይቷል። ጋሽ ግርማ በጊዜው አስገብተው ነበር፤ ነገር ግን የእሳቸው የቤተሰብ ስም በቀለ ነው፣ የእናትየው ሌላ፣ የልጁ ታደሰ፤ አራተኛው መበተን እዚህ ሆነ። ማመልከቻው ከየትኛውም ተማሪ ጋር ሳይገናኝ የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ተከፋፈለ። በፋክትስ ላይ የልጁ ስም ልክ በመግቢያ ማመልከቻው እንዳለው ይሞላ፤ ማመልከቻው ትምህርት ቤቱ ዘንድ መድረሱንም ደውሎ ማረጋገጥ ነው። 1040 የሚባለው የግብር ቅጽ ከነአባሪዎቹ ይጫን፤ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው የግል ሥራ ገቢ የሚሞላበትን ስኬጁል ሲ ከረሳ ፋይሉ እንደገና "ያልተሟላ" ይሆናል። ተቀጣሪ የሆነው ወላጅ ከቀጣሪው የሚያገኘውን የደመወዝ መግለጫ፣ ደብሊው ቱውን፣ ያክላል፤ ወላጆች ተለያይተው ከሆነ የሁለቱም ሰነድ ሊጠየቅ ይችላል።

ቢሮው ከዚያ በኋላ አሠራሩን ለወጠ። ባለቤት ያልተገኘላቸው ውጤቶች አሁን በስም ብቻ ሳይሆን በስልክ ቁጥርና በመኖሪያ አድራሻ ይመሳከራሉ፤ ዝርዝሩ በየሳምንቱ ዓርብ ይታያል፤ ሁለተኛ ኢሜይል ከመላክ በፊት ስልክ ይደወላል። ማመልከቻው ላይም "ልጁ በሌላ ሰነድ ላይ በሌላ ስም ተመዝግቧል?" የሚል ጥያቄ ገባ። ጥያቄው የጠቀመው ኢትዮጵያውያንን ብቻ አይደለም፤ ሁለት የቤተሰብ ስም የሚይዙት የላቲን አሜሪካ ልጆችም ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው።

የገንዘብ ድጋፉ ውሳኔ ከጠበቁት ያነሰ ሲሆን ወይም እንደ ጋሽ ግርማ ጭራሽ ሳይታይ ሲቀር የይግባኝ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ምን ተለወጠ ወይም ምን ሳይታይ ቀረ፣ ስንት ቢጨመር ልጁ መግባት ይችላል፣ ከማስረጃው ጋር። የሚላከውም ቦታ ለመያዝ ቀብድ የሚከፈልበት ቀን ከማለፉ በፊት ነው። ቀብዱ በአብዛኛው አይመለስም፤ ሌሎች ቤተሰቦች ቦታቸውን ሲለቁ የተመደበላቸው ገንዘብ የሚለቀቀውም በዚያው ቀን አካባቢ ስለሆነ፣ ደብዳቤው ከዚያ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ቀድሞ ይታያል።