በመንገዱ ግራ በኩል

ትናንት በደቡብ ሕንድ ካለችው ከቼናይ ከተማ በአውቶቡስ ወደ ቲሩቫናማላይ ሄጄ፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት የአሩናቻላን ተራራ ከሂንዱ አማኞች ጋር በእግሬ ዞርሁ። መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕዝቡ በባዶ እግሩ ስለሚሄድ እኔም ጫማዬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ፤ ቅዱስ ስፍራ በጫማ እንደማይረገጥ አውቄ ያደግሁ በመሆኔ ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ለመረዳት ጊዜ የፈጀብኝ ሌላ ነገር ነበር። በቲቤት የሚገኘው የካይላሽ ተራራ የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ መኖሪያ ነው ይባላል፤ አሩናቻላ ግን ራሱ ሺቫ ነው። በትውፊቱ እንደሚነገረው፣ ብራህማና ቪሽኑ የተባሉት አማልክት ማን እንደሚበልጥ በተከራከሩ ጊዜ ሺቫ ጫፍም ሥርም የሌለው የእሳት ዓምድ ሆኖ በመካከላቸው ቆመ፤ አንዱ በወፍ አምሳል ወደ ላይ በሮ፣ ሌላው በከርከሮ አምሳል ወደ ታች ቆፍሮ ዳርቻውን ቢያጡት፣ እሳቱ ቀዝቅዞ ይህ ተራራ ሆነ። በየዓመቱ በኅዳር ገደማ በጫፉ ላይ በንጥር ቅቤ የሚነደው ታላቅ መብራት የዚያ ዓምድ መታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896፣ ገና በ16 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ወደዚህ የመጣው የሂንዱ መንፈሳዊ መምህር ራማና ማሃርሺም በ1950 እስካረፈበት ቀን ድረስ ከተራራው አልተለየም።

ሰዎቹ ተራራውን በቀኛቸው አድርገው ሲዞሩ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዘው ነው የሚሄዱት። ወደ ተራራው የሚቀርበው ወገን ለዓይን የማይታዩት ቅዱሳን የሚሄዱበት ስለሆነ ይተውላቸዋል። ይህን ያህል ሕዝብ እየተጋፋ ለማያየው መንገደኛ ቦታ ሲለቅ ማየት ልቤን ነካው።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ የአከራዬ ድንጋይ ነው። እሳቸው የቪሽኑ አማኝ ናቸው፤ በጸሎት ጥጋቸው ከኔፓል የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ የመጣ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ሻሊግራም የሚባል ጥቁር ቅዱስ ድንጋይ አላቸው። ዕድሜው በሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር፣ የሂማላያ ምድር የባሕር ወለል በነበረበት ዘመን የኖረ የባሕር እንስሳ ቅርፊት በድንጋዩ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዝዞ ታትሟል፤ አማኙ ግን በዚያ ጥምዝ የቪሽኑን ቻክራ፣ እንደ መንኰራኵር ክብ የሆነውን መሣሪያውን፣ ያያል። አከራዬ በየማለዳው በውኃ ያጥቡታል፣ በንጹሕ ጨርቅ ያደርቁታል፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነችውን የቱልሲ ቅጠል ያኖሩበታል። የሰው እጅ ስላልቀረጸው እንደ ሌሎች ምስሎች በሥርዓት መባረክ አያስፈልገውም። አንድ ቀን «ይህ የቪሽኑ ምልክት ነው ማለት ነው፣ አማ?» (በታሚል ቋንቋ «እናቴ» እንደ ማለት ነው) ብዬ ብጠይቃቸው፣ እጃቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ «ምልክት አይደለም ልጄ፤ እሱ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ለወራት «ምልክት» የምትለውን ቃል አለቀቅሁም፤ ቃሏ የእኔን እምነት ስለማትነካብኝ ተመቸችኝ እንጂ የእሳቸውን እምነት አትገልጸውም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስመለስ ለእግሬ ለብ ያለ ውኃ አቀረቡልኝና «በየትኛው ወገን ሄድህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በግራ በኩል፣ አማ» አልኋቸው።