ከለገሃር እስከ ፒያሳ፣ ካርታ ፍለጋ

ከአዳማ የመጣሁት አሮጌ የመጫወቻ ካርታ ፍለጋ ነው። እንጀራዬ ሒሳብ ሥራ ነው፤ ምትሃትን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ካርታ፣ ገመድ፣ ኩባያና ኳስ የሞላበት አንድ ቁም ሣጥን አለ። ከሁሉም የሚበልጥብኝ የሰውን ሐሳብ የማወቅ ጥበብ ነው። ባሕር ማዶ ሜንታሊዝም ይሉታል።

ለገሃር ወርጄ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ያዝኩ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ካርታ ይኖርዎታል?»

ከመጻሕፍቱ ሥር ጠርዙ የተላጠ ፓኬት አወጡ። ባይስክል! ጀርባው ላይ ክንፍ ያለው ሕፃን ብስክሌት ይነዳል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም ካርታ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ይሄኛው ብዙ እጅ አልፎበት እንደ ጨርቅ ለስልሷል።

«ኮንከር ልትጫወትበት ነው?»

«የለም ጋሼ፣ ሐሳብ አውቅበታለሁ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ጠንቋይ ነህ እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ሳልመልስ አላልፍም። ጠንቋይ ቤት ተመላልሶ ጥሪቱን የጨረሰ ዘመድ አለኝ። ስለዚህ ሁሌም መጀመሪያ አሳያለሁ፣ ከዚያ ምስጢሩን እናገራለሁ። ምስጢር ይጠበቅ የሚሉ ምትሃተኞች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ግን አልስማማም።

«አንድ ካርታ ከመጻሕፍቱ ባንዱ ውስጥ ይደብቁ» ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁ። ሲጨርሱ የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። «ያለበትን ቦታ ብቻ አጥብቀው ያስቡ።»

ወደ ግራ ስራመድ ክንዳቸው ከበደኝ። ወደ ቀኝ ስመለስ ቀለለ። ጎንበስ አልኩ፤ አብሮኝ ወረደ። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ጋ ስንደርስ እጃቸው ቀጥ አለ። ገለጥኩት። ቀይ ልብ ያለበት ሰባት ቁጥር።

አማተቡ።

«ጋሼ፣ የነገረኝ እጅዎ ነው» አልኳቸው። ሰው አንድን ነገር አጥብቆ ሲያስብ ጡንቻው ሳይታወቀው በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካርፔንተር ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። የጀርመኑን ፈረስ ታሪክም አጫወትኳቸው። ሒሳብ ይሠራል ተብሎ ስንቱን አስደንቋል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ጉዱን አወጣው። ፈረሱ በሰኮናው መሬቱን እየመታ ይቆጥራል፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ጭንቅላቱን ቅንጣት ታህል ያነቃንቃል፤ ፈረሱም ያንን አይቶ ያቆማል።

አጠገባችን ጫማ የሚጠርግ ልጅ ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። «እኔስ ልሞክር?» አለ።

ጋሼ ያንኑ ካርታ ደግመው ደበቁ። ልጁ በቀለም በጠቆሩ ጣቶቹ አንጓቸውን ያዘ። ሁለቴ ሳተ። «አትጎትታቸው፤ ዝም ብለህ ስማቸው» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። በሦስተኛው አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እጅዎ እኮ ያወራል!»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። ዋጋውንም ብዙ አላከራከሩኝም።

ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ ፒያሳ ወጣሁ። የማውቃቸው ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩና ካርታውን ቆጠርኩ። 51። ደግሜ ቆጠርኩ። ቀይ ልብ ያለበት ሰባት የለም። ልጁ እጅ ላይ ቀርቷል።

ከፒያሳ ብሔራዊ ቁልቁለት ነው፤ ሩቅ አይደለም። አልተመለስኩም።