ሂፕኖሲስ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መመለሻውን ልመዱ

ይህን የምጽፈው ለእኔ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ራስን ሂፕኖታይዝ ስለማድረግ፣ ማለትም በራስ ቃል ራስን ወደ ሰመመን ስለማስገባት፣ የሚያወሩን ሰዎች አገባቡን አሳምረው ያስተምራሉ። አወጣጡን የሚያነሳ ግን አላጋጠመኝም።

እኔ ባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ቤታችን ከጣና ብዙም አይርቅም። ማታ ማታ ጠልሰም፣ ማለትም የክታብ ሥዕል፣ እስላለሁ። ክታብ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፦ አፍጥጠው የሚያዩ ትልልቅ ዓይኖች፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ። ድሮ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፤ ከራስ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። ሥዕሉ ለጌጥ አይደለም። በሽተኛው የተሳለውን ዓይን ሲያይ፣ ያደረበት መንፈስም በበሽተኛው ዓይን አይቶ ይሸሻል ተብሎ ነው። እኔም አምንበታለሁ። የሚስለው ሰው ሐሳቡ ከተበተነ ሥዕሉም ኃይል የለውም።

ያስተማሩኝ መሪጌታ ልባቸውን የሚሰበስቡት በጾምና በጸሎት ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውዬ፣ ስልክ ሲጮህብኝ አምሽቼ፣ ብርዕ ሳነሳ እጄ አይረጋም ነበር። ሂፕኖሲስን የሞከርኩት ለዚህ ነው።

አገባቡ ቀላል ነው። ጠልሰሙን ከዓይናችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ዓይናችሁ እስኪዝል አንድ ቦታ ላይ ተክላችሁ እዩት፣ ከዚያ ክደኑ። ጄምስ ብሬይድ የተባለው የስኮትላንድ ሐኪም በ1840ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዎችን ያስገባ የነበረው በዚሁ ዓይን በመትከል ዘዴ ነው። ከዚያ በልባችሁ «ቀኝ እጄ ከባድ ነው» በሉ፤ ግራውን ቀጥሉ፤ ከዚያ «እጄ ሞቃት ነው» በሉ። ከ10 ወደ 1 ቁጠሩ። አለቀ።

አሁን ወደ መውጫው ልምጣ።

አዳራሽ ተከራይቶ የሚያሰለጥን ሰው ጋ ተመዝግቤ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሰርተፍኬት ሰጠን፣ በቴሌግራም የድምፅ ቅጂ ላከልን። ቅጂው ያምራል፤ ከበስተኋላ የውኃ ድምፅ አለው። «እጅህ ከብዷል፤ ልታነሳው አትችልም፤ ወደ ታች፣ ወደ ታች» እያለ ይወስዳችኋል። ከዚያ ትንሽ ሙዚቃ ይሰማል፣ ያበቃል። መመለሻ የሚባል ነገር የለውም። ሥልጠናው ላይ እጄን አውጥቼ «መውጣቱስ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እሱ በራሱ ይመጣል፣ አትጨነቅ» ብሎ ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ቅጂውን ከፍቼ ገባሁ። እንዳለቀ እማዬ ለምሳ ስትጠራኝ ይሰማኛል። ልመልስላት እፈልጋለሁ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ተጋድሟል። የኔ እጅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አልነሳ አለኝ። እማዬ በሩን ስትከፍት ያየችው ይህን ነው፦ ልጇ አፍጥጦ ዝም ብሏል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሌላ ትልቅ ዓይን አፍጥጧል።

«በስመ አብ! ልጄን! ምን ነካብኝ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ገባ። አንዷ እናት «በቀትር ሐይቅ ዳር ለክፎት ነው» አሉ። ጠበል በጆግ መጣ። ግማሹ ፊቴ ላይ፣ ግማሹ ብራናው ላይ አረፈ። በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቀይ ቀለም ቁልቁል ፈሰሰ፤ ጥቁሩን መስመር ይዞት ወረደ። ያን ብራና ከፍየል ቆዳው ጀምሮ በእጄ ነው ያዘጋጀሁት። እማዬ ከግድግዳው ነቅላ ወሰደችው።

ስነሳ አዞረኝ፤ ትከሻዬን በሩ ጠርዝ ላይ መታሁት። እስከ ማታ ራሴ ከበደኝ። እማዬን አልወቅሳትም፤ የትኛዋም እናት ያንን ታደርግ ነበር። የምቃጠለው በሰውዬው ነው። ደውዬ ስነግረው «ጥልቅ ስለገባህ ነው፣ ታድለሃል» አለኝ፤ ቀጥሎም ለሁለተኛው ደረጃ እንድመዘገብ ጋበዘኝ!

ሂፕኖሲስ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀር ሰው የለም። መሪው ድምፅ ቢቋረጥ ሰው ወይ በራሱ ይነቃል፣ ወይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ነገር ግን «እጅህ ከባድ ነው» ተብሎ የተሰጠ ትእዛዝ ካልተሻረ ክብደቱ፣ ማዞሩና ራስ ምታቱ ከተነሳችሁም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐንስ ሹልትስ የክብደትና የሙቀት ልምምዱን በ1932፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በመጽሐፍ ሲያወጣ መመለሻውንም አብሮ አስቀምጧል፦ እጅን አጥብቆ ማጠፍና መዘርጋት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ዓይን መግለጥ። የሚተወው ልትተኙ ከሆነ ብቻ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የሚያሰለጥን ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባ ነበር።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። መመለሻውን ሳልገባ፣ በደህና ቀን፣ ደጋግሜ ተለማመድኩት። ከ1 እስከ 5 እቆጥራለሁ። «እጄ ቀላል ነው፣ ራሴ ንጹሕ ነው» እላለሁ፣ ክንዴን ሦስት ጊዜ በኃይል እዘረጋለሁ። ሥልጠናው ላይ «ተኝታችሁ አድርጉት» ተብለን ነበር፤ አትተኙ፣ ቁጭ በሉ። «በጠለቀ ቁጥር ይሻላል» ተብለናል፤ ለጠልሰም አይሻልም። እኔ ብርዕ የማነሳው ሙሉ በሙሉ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያለው እርጋታ ነው የሚጠቅመው፤ መስመሩ አንዴ ተነስቶ ሳይንቀጠቀጥ ዓይኑን ዞሮ ይዘጋል። «ምስጢር አድርጉት» ተብለናልም። ለቤተሰባችሁ ንገሩ! እማዬ አሁን ታውቃለች፤ በሩ ከተዘጋ ታንኳኳለች።

የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም ሰው ያላየውን የሚያይ፣ ያልተባለውን የሚሰማ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። ከወጣችሁም በኋላ ራሳችሁ ጥርት እስኪል ባጃጅም ሆነ ሞተር አትንዱ።

ቅጂው እስከ ዛሬ ሳይስተካከል ይሸጣል። ገዝታችሁት ከሆነ መመለሻውን በራሳችሁ ድምፅ ቅዱና ከሙዚቃው ቀጥሎ አስገቡበት፤ እስክታስገቡበት ድረስ አትክፈቱት።