ገንዘብ ለመንኩ፣ መልሱ በእማዬ በኩል መጣ

ኪዳነ ምሕረት ያደረገችልኝን እመሰክራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ስለቴን፣ ጃንጥላውን፣ አስገብቻለሁ። የቀረው ይሄ ነው። ነገሩ ወረቀትና ቁጥር ስለሚበዛበት ትንሽ ሊያሰለች ይችላል፣ ግን የትዳር አጋሩን አገር ቤት አስቀምጦ ፕሮሰስ የሚጠብቅ ሰው በደንብ ይገባዋል።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ኡበር እነዳለሁ። ከባለቤቴ ጋር ጥር 2014 በእኛ አቆጣጠር (በፈረንጅ 2022) አዲስ አበባ ተጋባን፣ እኔም ተመልሼ መጥቼ ፋይሏን አስገባሁ። ሲቲዝን ስለሆንኩ የሚስት ወረፋ የለውም፣ ቶሎ ያልቃል አሉኝ። እውነትም ፔቲሽኑ፣ ሚስቴን ላምጣ ብዬ ያስገባሁት ማመልከቻ፣ ተፈቀደ። ያቆመን ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘብ ፎርም ነው፣ አይ-864 የሚሉት። የምታመጣት ሰው የመንግሥት ሸክም አትሆንም፣ እኔ አለሁላት ብለህ የምትፈርምበት ነው። ለዚያ ደግሞ ገቢህ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ መድረስ አለበት። በፈረንጅ 2024 ለሁለት ሰው 25,550 ዶላር፣ ለሦስት ሰው 32,275 ዶላር ነበር።

አሜሪካ ኖሮ 32 ሺህ የማያገኝ ማን አለ ትሉ ይሆናል። ኡበር የሚነዳ ሰው አይላትም። በ2023 ተሳፋሪ የከፈለው ተደምሮ ከ70 ሺህ በላይ ነበር። ከዚያ ላይ ኩባንያው ድርሻውን ያነሳል። ቀጥሎ ማይሌጅ አለ፣ ለመኪና ወጪ ተብሎ ከገቢህ ላይ የሚነሳ። በዚያ ዓመት ለአንድ ማይል 65.5 ሳንቲም ነው የሚቀነሰው፣ እኔ ደግሞ ከ40 ሺህ ማይል በላይ ነድቻለሁ። ይሄ ሁሉ ወጥቶ ታክስ ሪተርኔ ላይ የቀረችው 28 ሺህ ምናምን ናት። ህጉ የፈቀደው ነው፣ አብዛኛው ሾፌር እንደዚያ ነው የሚሰራው። ታክስ ስትከፍልባት ደስ የምትል ቁጥር ናት፣ ሚስት ልታመጣባት ስትል ነው የምታሳፍርህ።

እኔና ባለቤቴ ብቻ ብንሆን ያቺ 28 ሺህም ትበቃ ነበር። ግን እማዬ አለች። በፈረንጅ 2008 ሳመጣት ይሄንኑ ፎርም ፈርሜላታለሁ፣ ያ ፊርማ ደግሞ ዓመት አለፈው ተብሎ አይቀርም። አሥር ዓመት የሚያህል ሠርታ ታክስ ካልከፈለች፣ ወይ ሲቲዝን ካልሆነች፣ ከእኔ ላይ አይወርድም። እህቴ ጋ ብትኖርም፣ ታክስ ላይ የምትይዛት እህቴ ብትሆንም፣ እኔ ጋ ትቆጠራለች። ሦስት ሆንን። ወደ 4 ሺህ ዶላር ጎደለኝ።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። አንዱ ሌላ ሰው አብሮ እንዲፈርምልህ ማድረግ ነው። እህቴ ብቻዋን ሦስት ልጅ ታሳድጋለች፣ እማዬን ጨምራ፣ የሷ ደሞዝ ለዚያ ሁሉ ሰው አይደርስም። ጓደኞቼን ጠየቅኩ። ሁሉም ፎርሙን እስኪያነቡ ድረስ «ችግር የለም ወንድሜ» ነበሩ። ብንፋታ እንኳ ግዴታው እንደማይቀር ሲያዩ ስልክ ማንሳት ቀነሱ። አልፈርድባቸውም፣ ከባድ ፊርማ ነው። ሁለተኛው መንገድ የጎደለውን ሦስት እጥፍ፣ ወደ 11 ሺህ ዶላር፣ ባንክ ውስጥ ማሳየት ነው። ያጠራቀምኳትን የመኪናዬ ካምቢዮ በላት። እቁቤም ገና ነበር። አንዱ ወዳጄ «እኔ ላስገባልህ፣ ያንተ ነው በል፣ ሲያልቅ ትመልስልኛለህ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ አዝኖልኝ ነው። ግን ውሸት ከሆነ በህግ እጠየቃለሁ ብዬ የምፈርምበት ወረቀት ነው፣ ደግሞ በአንድ አፌ ስለት እየተሳልኩ በሌላው ልዋሽ? አልሆነልኝም።

ስለቱን የተሳልኩት የካቲት 16፣ በራሷ በዓል ነው። ጸሎቴ ቀጥታ ነበር። እመቤቴ፣ 4 ሺህ ዶላር ሙይልኝ አልኳት። ሥራ ጨምሪልኝ፣ ኤርፖርት ደንበኛ አብዢልኝ፣ ብቻ ገቢዬ ከፍ ይበል። ሌላ መልስ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፣ እንዲያውም ገንዘቡ በየት እንደሚመጣ ሁሉ እየጠቆምኳት ነበር።

የዚያኑ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተቀምጠን፣ ለምእመናን ፎርም የሚሞሉ አንዲት እናት ወረቀቴን ተቀብለው ያዩልኝ ጀመር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «እናትህ ሲቲዝን ናት?» አሉኝ።

«አይ፣ ግሪን ካርድ ናት።»

«እሷ ሲቲዝን ከሆነች እኮ ከቁጥርህ ትወጣለች። አንተ የጎደለህ ብር አይደለም፣ አንድ ሰው ነው የበዛብህ።»

ሽንኩርት የላጠ ሰው መስዬ ነው ቤቴ የገባሁት። ገቢዬን ከፍ አድርጊልኝ ስል እመቤቴ መስፈርቱን ዝቅ አደረገችልኝ!

ችግሩ እማዬን ማሳመን ነው። ለዓመታት «ሀገሬን በወረቀት አልለውጥም» ስትል ነው የኖረችው፣ እንግሊዝኛዋም «ታንኪው» ላይ ያበቃል። ቋንቋው እንኳ መፍትሔ ነበረው። ከ55 ዓመት በላይ ሆኖ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው በራሱ ቋንቋ መፈተን ይችላል፣ እሷ ደግሞ ያንን 15 ዓመት የሞላችው ከጥቂት ወራት በፊት ነው። ይሄ ነገር ከዓመት በፊት ቢነገረኝ ኖሮ አይሠራልኝም ነበር፣ ልብ በሉልኝ። ስነግራት ዝም አለች። በማግስቱ ጠዋት ራሷ ደወለች። «ልጅቱ እስከ መቼ ልትጠብቅ ነው? በል ጥያቄውን አምጣልኝ።»

ጥያቄው ያኔ 100 ነበር። በአማርኛ እያነበብኩ ስልኳ ላይ ቀዳሁላት። ቡና ስትቆላ ጆሮዋ ላይ ነው፣ ሽሮ ስታማስል ጆሮዋ ላይ ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ አባላት ቁጥር፣ 435፣ አልያዝ ብሏት ፍሪጅ አጠገብ በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ላይ በትልቁ ጻፈችው። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከማን ጋር ተዋጋች ስላት «ጃፓን፣ ጀርመን፣ ጣልያን» ብላ ጨረሰችና «ጣልያንንማ እኛን ይጠይቁን!» አለች።

በአሜሪካው በጋ (ሰመር) ፌርፋክስ ለፈተና ተጠራች። ያኔ ከአሥር ጥያቄ ስድስት ከመለስክ ይበቃ ነበር። ስድስቱንም በተከታታይ መለሰች፣ ሰውየው ጥያቄውን ሲያቆም አስተርጓሚውን «ጨረሰ እንዴ? ሌላም አውቃለሁ በለው» አለችው። አስተርጓሚው ወጥቶ እየሳቀ ነው የነገረን። ብዙም ሳይቆይ ቃለ መሐላዋን ፈጸመች፣ በነጠላዋ ላይ ትንሿን ባንዲራ ይዛ።

የዜግነት ወረቀቷን ኮፒ አያይዤ ፎርሙን እንደገና ሞላሁ። የቤተሰብ ቁጥር፣ ሁለት። ያቺው 28 ሺህ፣ አንድ ሳንቲም ሳትጨመርባት፣ አለፈች። ባለቤቴ አዲስ አበባ ኢንተርቪው ስትገባ የታክስ ወረቀቱን ሁሉ አሸክሜያት ነበር። ስለ ሠርጋችን ጠየቋት፣ ስለ ሥራዬ ጠየቋት፣ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልተነሳም። ፓስፖርቷን ተቀበሏት፣ ቪዛው ተፈቀደ ማለት ነው፣ እልል!

አሁን አብረን ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በፕሮሰስ ላይ ያላችሁ፣ ከዚህ በፊት የፈረማችሁለት ሰው ካለ ሲቲዝን መሆኑን መጀመሪያ ጠይቁ። እማዬ በ2024ቱ የኖቬምበር ምርጫ ድምፅ ሰጥታለች፣ ማንን እንደመረጠች ለእኔም ለእህቴም አትናገርም። ሰሞኑን ደግሞ ባለቤቴን ቡና ላይ ቁጭ አድርጋ 435ቱን ታስጠናታለች። ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል፣ ደግሞም ፈተናዋ በእንግሊዝኛ ነው ብንላት አልሰማ ብላለች።