ካርታው በማን ስም ነው?

ዛሬ ምንም አላሰኘኝም። የቺካጎ መጋቢት እንዲህ ነው። በረዶው አልቀለጠ፣ ፀሐይዋ አልወጣች፣ ሰውም መሀል ላይ ይቀራል። ሰውዬው ልጆቹን ይዞ ቅዳሴ ሄደ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ የምታውቁኝ አታጡትም፤ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ነበር።

ስብሰባው ግን ቤት ድረስ መጣልኝ። ጋሼ ሊንክ ላኩ። "ልጄ፣ ይቺን እስቲ እያት፤ ዋጋዋ ደህና ነው።" ለእኛ ቤተክርስቲያን የሚሆን ሕንጻ የሚፈልገው ኮሚቴ ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ ስልኬ በዚህ ተሞልቷል። የሚሸጥ የሉተራን፣ የሚሸጥ የሜቶዲስት፣ የሚሸጥ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን። ይሄኛው የካቶሊክ ነው። ማየት የሚጠበቅብኝ ጣሪያውን፣ ማሞቂያውንና ፓርኪንጉን ነው። እኔ በሩ ላይ የተቀረጸው የፖላንድ ጽሑፍ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ይሄን ያስቀረጹ ሰዎች እንደሚሸጥ ቢያውቁ ኖሮ ያዋጡ ነበር?

እዚህ ከተማ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ለምን እንዲህ በዛ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጀርመኑ የራሱን ሠራ። ፖላንዱ በጀርመንኛ አልናዘዝም ብሎ ጥቂት መንገድ አልፎ የራሱን አቆመ። አይሪሹም፣ ቼኩም፣ ሊትዌንያውም እንዲሁ። (ተለያይቶ ቤተክርስቲያን መክፈት እኛ ሀበሾች የጀመርነው ይመስለኝ ነበር።) ገንዘቡ ደግሞ የሀብታም አልነበረም። ቄራና ፋብሪካ ውለው የሚገቡ ሰዎች ናቸው ከደመወዛቸው እየቆነጠሩ ያዋጡት። እነሱ ጠባብ ቤት ውስጥ ተፋፍገው እየኖሩ ለእግዜር ቤተ መንግሥት ሠሩለት። ዋዛ እንዳይመስላችሁ። የኬኔዲ አውራ ጎዳና ሲዘረጋ ቅዱስ ስታኒስላውስ ኮስትካን ሊያፈርሰው ነበር። ፖላንዶቹ አሻፈረን አሉ፣ መንገዱ ታጠፈ። ዛሬም በዚያ የሚነዳ ሰው ቤተክርስቲያኑን ታክኮ ነው የሚያልፈው።

መንግሥትን ያሸነፉ ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውን አላሸነፉም። ልጆቹ ተማሩ፣ ሳር ያለው ግቢ ፍለጋ ከከተማ ወጡ። ካህኑ አነሰ፣ ጣሪያው አፈሰሰ። ካርዲናል ብሌዝ ሱፒች በ2016 በፈረንጅ አቆጣጠር የማዋሐዱን ሥራ ሲጀምሩ ከ340 በላይ የነበሩት የሀገረ ስብከቱ ቁምስናዎች (እኛ ደብር የምንላቸው) አሁን ወደ 220 ግድም ወርደዋል።

በጣም የምታናድደኝ ፒልሰን ሰፈር ያለችው ቅዱስ አዳልበርት ናት። በ1914 ነው ያለቀችው። መንትያ ማማዎቿ 56 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ፖላንዶቹ ሠርተው ሄዱ፣ ሜክሲኮዎቹ መጥተው ጸለዩባት፣ በ2019 ተዘጋች። በ2022 እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምታለቅስበትን ሐውልት ወደ ሌላ ቤተክርስቲያን ሊወስዱ ሲመጡ የሰፈሩ ሰው ለተቃውሞ ወጣ። ተወሰደ። ከተቃዋሚዎቹ መሀል የፖላንድ አያቶችም የሜክሲኮ እናቶችም ነበሩ። በአንድ ቤት ሳይገናኙ የኖሩትን መዘጋቱ አገናኛቸው።

አርክቴክቱ ሄንሪ ሽላክስ ይባላል። ይሄን ሰውዬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። በ1938 ነው የሞተው፤ እንኳንም ይሄን አላየ። ኖብል ስኩዌር ሰፈር ያለችው ቅዱስ ቦኒፋስም የእሱ ናት። በ1990 ተዘግታ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኦና ቆማ አሁን መኖሪያ ቤት ሆናለች። ሰው ድሮ ቅዳሴ በተቀደሰበት ቦታ እንቁላል ይጠብሳል። የካቶሊክ ሕግ ይፈቅዳል አሉ፤ ሕንጻው ለዓለማዊ ሥራ ሊውል ይችላል፣ ነውር ላልሆነ ሥራ ከሆነ። ኪራዩ ራሱ ነውር መሆን አለመሆኑን ሕጉ አይናገርም።

ቄራው አጠገብ የነበረው የቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ታሪክ ደግሞ ይብሳል። እሱም የሽላክስ ሥራ ነበር። ከተዘጋ ዓመታት በኋላ የፊት ለፊት ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ተፈታ። ተጭኖ ከከተማው በስተሰሜን ሌክ ካውንቲ ሄደ፣ እዚያ ለአዲስ ቤተክርስቲያን ፊት ሆነ። ምእመኑ ወደ ገጠሩ ዳር ኮበለለ፣ ሕንጻው ተከተለው። እንዲህ ያለ ታማኝ ሕንጻ አላየሁም።

የገንዘቡን ነገር ካነሳን አይቀር፣ የቅዱስ ስም ካቴድራል አጠገብ የነበረውን የመኪና ማቆሚያ ሀገረ ስብከቱ በ110 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የሸጠው። ቤተክርስቲያን አልነበረም፤ ባዶ ፓርኪንግ! አሁን 76 ፎቅ ቆሞበታል። ጋሼ ፓርኪንግ ፓርኪንግ ሲሉ እስቃለሁ። አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው።

ለካ ዋናው ጥያቄ ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ነው። እዚህ የካቶሊኮቹ ንብረት በኢሊኖይ የ1845 ሕግ መሠረት "የቺካጎ ካቶሊክ ጳጳስ" በሚባል አንድ ሕጋዊ ሰውነት ስም ተይዟል። ጳጳሱ ቢሞት ወራሽ የለ፣ ክርክር የለ፤ የሚተካው ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ንብረቱም አብሮት ይቀመጣል። የራሳቸው ቀኖና ደግሞ የቁምስናው ንብረት የቁምስናው ነው ይላል። ቁምስናው ሲዋሐድ ግን ንብረቱም አብሮ ይዋሐዳል። ምእመን ቅር ካለው ለጳጳሱ ያመለክታል፣ ካልሆነ እስከ ሮም ይግባኝ ይላል። ወይ ሮም! እንግዲህ አያትህ ካዋጣው ሳንቲም አንተ ዘንድ የቀረው የይግባኝ መብት ነው።

እኛ ከዚህ ተምረናል እላለሁ? የእኛ ሰው በውጭ አገር ቤተክርስቲያን ሲገዛ ብዙውን ጊዜ በቦርድ ስም ነው የሚያስመዘግበው። ምእመን ይመርጣል፣ ምእመን ያወርዳል። ዲሞክራሲ ነው። ከዚያ ሁለት ቦርድ ይመጣል። ከዚያ ቁልፍ ይቀየራል። ከዚያ ጠበቃ። በእምነቱ አንድ የሆነ ሰው በመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ተከፋፍሎ፣ ምን እንደሚያጨቃጭቀው የማይገባው ዳኛ ፊት ይቆማል። የየትኛውን ከተማ ታሪክ እንደማወራ አልናገርም። ሁላችሁም የራሳችሁ ከተማ ይመስላችኋል፣ ትክክል ናችሁ።

ስለዚህ ምረጪ ብባል ምን እላለሁ? ለጳጳስ ስንሰጠው ይሸጠዋል፣ ለቦርድ ስንሰጠው ይካሰስበታል። ታቦቱ እኮ ከሕንጻ ሕንጻ መሄድ ያውቃል፤ በኪራይ አዳራሽ ስንት ዓመት ታግሦናል። የምንጣላው በግድግዳው ነው።

ደግሞ ይሄን እዩ። አሁን ያሉት ፖፕ ሊዮ የዚህ ከተማ ልጅ ናቸው። ያደጉበትን ቤት የዶልተን መንደር አስተዳደር በ2025 በ375 ሺህ ዶላር ገዛው። ያደጉባት ደብር፣ ደቡብ ጫፍ ያለችው ቅድስት ማርያም ግን ከተዘጋች ዓመታት አልፏታል። ግድግዳዋ ላይ ወጣት የፈለገውን ይጽፍበታል፣ ጣሪያዋ ተበስቷል። ፖፕ ያሳደገች ደብር ካልተረፈች፣ እኛ በሰባት መቶ ሰው መዋጮ የምንገዛት ምን ዋስትና አላት? ልጆቼ ከአሁኑ "ማሚ፣ ስንት ሰዓት ያልቃል?" ነው የሚሉኝ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የደንቡን ረቂቅ እኔ ነኝ የማቀርበው። "ንብረቱ በማን ስም ይመዝገብ" የሚለው አንቀጽ ባዶውን ነው ያለው። ሰው ሁሉ እሷ ትጽፈዋለች፣ ወረቀት ታውቃለች ብሎ ተማምኖብኛል። የምነዳት መኪና ታይትል እስከ ዛሬ በወንድሜ ስም መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም።