አዎርታን በበሬ ልብ እንዴት ተማርሁት

አዎርታ ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው፤ የአናቶሚ መጽሐፍ ላይ ቀይ የተቀባ ከዘራ ይመስላል። ከልብ ወጥቶ ሽቅብ ይሄድና ቆልመም ብሎ በአከርካሪው ፊት ቁልቁል ይወርዳል። ለፈተና ይህ ይበቃል። እኔ ግን የት እንደሚቀደድና ለምን እዚያ ላይ እንደሚቀደድ ማወቅ ፈለግሁ። ስለዚህ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ካለ ልኳንዳ የበሬ ልብ ገዛሁ።

ረቡዕና ዓርብ አይሞከርም፤ ቅዳሜ ጠዋት መሄድ ነው። አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ደግሞ ቧንቧውን ከሥሩ ቆርጠው ይጥሉታል። «ጋሼ፣ ልቡን ከነቧንቧው ይተዉልኝ፤ አንድ ስንዝር ያህል» አልኋቸው። «ለትምህርት ነው?» ብለው ከሳንባው ቁራጭ ጋር ሰጡኝ።

የረጋውን ደም አጥቤ በአዎርታው አፍ ውኃ አፈሰስሁ። ደም ወደ ልብ እንዳይመለስ የሚያግደው በር፣ የቫልቩ ሦስት ክንፎች ተገጣጥመው ያዙት። ቆይቶ ግን ውኃው ቀስ እያለ ጎደለ፤ ከክንፎቹ በላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በኩል ወደ ልቡ ጡንቻ እየሄደ ነበር። የአዎርታ የመጀመሪያ ቅርንጫፎች ልብን ራሱን የሚመግቡት ናቸው። ሥሩን ስዳብስ ጣቴ ጠንካራ ነገር አገኘ፦ አጥንት። በሬ ልቡ ውስጥ አጥንት አለው፣ ሰው የለውም። ቆልማማው ላይም ልዩነት አለ፤ ከበሬው አንድ ግንድ ብቻ ሲወጣ ከሰው ሦስት ይወጣሉ። በበሬ የሚማር ሰው መጽሐፉን አጠገቡ ዘርግቶ ያመሳክር።

ከዚያ አንድ ቀለበት በምላጭ ቆርጬ ሳብሁት። ተለጠጠ፤ ስለቀው ወደ ቦታው ተመለሰ። ልብ በአንድ ምት ወደ 70 ሚሊ ሊትር ደም ሲገፋበት አዎርታ እንዲሁ ይሰፋል፤ ልብ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሶ እየጠበበ ደሙን ወደፊት ይነዳዋል።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ መርፌው ነው። ቀጭን መርፌ ግድግዳው መሐል ሰክቼ ውኃ ገፋሁ። ውኃው ወደ ውጭ አልወጣም፤ ድርቦቹን እያላቀቀ ሄደና ግድግዳው ለሁለት ተከፈለ። የደም ግፊቱ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ሰው የውስጠኛው ሽፋን ሲሰነጠቅበት የሚሆነው ይኸው ነው። ደሙ በግድግዳው መሐል ሐሰተኛ መንገድ ያበጃል፤ ደረትንና ጀርባን የሚሰነጥቅ ድንገተኛ ሕመም ይመጣል። ስንጥቁ ወደ አንድ ክንድ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ከነካ የሁለቱ ክንዶች ግፊት ይለያያል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣ ሁለቱንም ክንድ መለካት የደቂቃ ሥራ ነው፤ በፍጹም መቅረት የለበትም። የልብ ደም ሥር መዘጋት መስሎ የደም ማቅጠኛ ቢሰጠው ሊገድለው ይችላልና።

አዎርታውንና የሳንባውን ቧንቧ የምታያይዝ አጭር ጅማትም አገኘሁ። በማኅፀን ሳለን ደም የሚያልፍባት ቦይ ነበረች፤ ከተወለድን በኋላ ተዘግታ ጅማት ትሆናለች። መኪና ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም ልብና ቆልማማው ወደፊት ይወነጨፋሉ፤ ከአከርካሪው ጋር የተያያዘው ቁልቁል የሚወርደው ክፍል ግን ባለበት ይቀራል። በግጭት አዎርታ በብዛት የሚቀደደው እዚችው ጅማት አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ተጎጂ ሆስፒታል አይደርስም። ሊማሊሞን በሚኒባስ ስወርድ ቀበቶ የሌለው ወንበር ላይ መቀመጥ ያቆምሁት ከዚህ በኋላ ነው።

የሆዱ ክፍል ከልቡ ጋር ስለማይመጣ እሱን የተማርሁት በሰው ላይ ነው። ቀጭን የሆነ የክፍል ጓደኛዬን በጀርባው አስተኝቼ ከእምብርቱ ከፍ፣ ወደ ግራው ትንሽ ጠጋ አድርጌ ስጫን ምቱ እጄን መታኝ። አዎርታ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች የሚሄደው እምብርት አካባቢ ነው። እዚያ ስፋቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 3 ከደረሰ አብጧል ይባላል፣ በወንድ 5.5 ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። አልበርት አንስታይን የሞተው በዚሁ ነው፤ በፈረንጆች 1948 ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰን ያበጠውን ቦታ በሴሎፎን ጠቅልሎለት ነበር፣ በ1955 ፈነዳ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ወንድ ሕመምተኛ ሆድ ላይ ሰፋ ያለ ምት ካገኛችሁ አጥብቃችሁ አትጫኑ፤ አልትራሳውንድ እዘዙላቸው።