ከባቄላው ማሳ አልነሳም አልኩ

የሄድኩት በመስቀል ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ አድሬ በጠዋት የአንኮበርን መንገድ ያዝኩ። መንገድ ላይ ግን የባቄላ አበባ ሽታ አስቆመኝ። ያበበ ባቄላ አጠገብ ቆማችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ።

ማሳው ንብ በንብ ሆኗል። ዳር ዳሩን አደይ አበባ ሞልቶታል። አንዷን ንብ ለይቼ በዓይኔ ተከተልኳት። ባቄላ፣ ባቄላ፣ አሁንም ባቄላ። አደዩ ክንፏን እየነካት እንኳ አንዴም አላረፈችበትም፤ አደይ ላይ ያሉትም ወደ ባቄላው ዝር አይሉም። ንብ አንዴ ከቀፎ ከወጣች አብዛኛውን ጊዜ የምትቀስመው አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ነው። አበባውን የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ የባቄላ ብናኝ አደይ ላይ ቢራገፍ ምን ይፈይዳል? እግራቸውን ሳይ ደግሞ ይለያል፦ ከአደይ የምትመለሰው ቢጫ እንክብል ተሸክማለች፣ ከባቄላ የምትመለሰው አመድማ።

አንዳንዷ በፊት ለፊት አትገባም። አበባው ከግርጌው ተበስቶ ካገኘች በዚያው መጥጣ ትሄዳለች፣ ብናኙን ሳትነካ።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ የማሳው ባለቤት።

«ንብ እያየሁ ነው አባባ።»

ደስ አላቸውና ጓሮ ወስደው በእበት የተለሰነ ቀፏቸውን አሳዩኝ። ውስጡን ማየት አይቻልም እንጂ፣ ከቀሰም የተመለሰችው ንብ ሆዷን እያወዛወዘች አበባው በየት በኩልና ምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ለሌሎቹ የምትነግረው እዚያ ነው። ይህን ጭፈራ የፈታው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል።

«ዘንድሮ ግን ሳሱብኝ» አሉ አባባ። «ጎረቤቴ በቀትር መድኃኒት ረጨ። ማታ እዚህ ደጃፉ ላይ ረግፈው አገኘኋቸው።»

አንጀቴ ተቃጠለ። ያበበ ሰብል ላይ በቀን የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ንቧም አብራ ትሞታለች። አበባ ሳይዝ ቢረጭ ጥሩ፤ ካልሆነም መሽቶ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ቢሆን ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል። የሚቀረው ደግሞ ማሩ ብቻ አይደለም። ንብ በደንብ የጎበኘችው ባቄላ የተሻለ ፍሬ ስለሚይዝ ጎረቤትየውም ከገዛ ማሳው ነው የሚጎድልበት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ደመናው ከበደ። ንቦቹ ተሻምተው ገቡ፣ እኔም አንኮበር ሳልደርስ ተመለስኩ። አባባ ጎረቤታቸውን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊያነጋግሩት ነው።